ምርመራ እና ምርምር፦ በጎንደር የሰው ናሙና ለጥናት ሲቀመጥ

«ለምርምር ትንሽ ደም እንወስዳለን» ሲባል፣ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ታሞ የመጣ የቀን ሠራተኛ የሚሰማው «ለምርመራ» የሚለውን ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ ጫጫታ በበዛበት ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ደግሞ ልዩነታቸው ጭራሽ ይጠፋል። ሰውየው «እሺ» ይላል፤ እሺ ያለው ግን ለሌላ ነገር ነው። ቱቦው ከዚያ በኋላ 10 ዓመት ፍሪዘር ውስጥ ቢቀመጥ ያለ ፈቃድ የተቀመጠ ነው።

ይህ መመሪያ በጎንደርና በአካባቢዋ ደም፣ መቅኔ፣ የጣፊያ ናሙና፣ የባዮፕሲ (ለምርመራ ከአካል የሚቆረጥ ሥጋ) ቁራጭ ወይም እንግዴ ልጅ ለጥናት ማስቀመጥ ለሚፈልጉ ተመራማሪዎች፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎችና መረጃ ሰብሳቢዎች የተዘጋጀ ነው። ሥነ ምግባር ሲባል ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሚያልቅ ጉዳይ ይመስላል። አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው ግን ደብዳቤው ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ፈቃዱ ሲጠየቅ፣ ቱቦው ላይ ሲጻፍ፣ ፍሪዘሩ ሲከፈት።

የኮሚቴው ደብዳቤ

እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። ጥናቱ በዩኒቨርሲቲው ሥር ከሆነ የተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ያየዋል። ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ ብሔራዊው ኮሚቴም ይጨመራል። ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ግምገማ መመሪያ (5ኛ እትም፣ 2014 እ.ኤ.አ.) አጠገብዎ ይኑር። ፕሮቶኮሉ ውስጥ «ናሙናው ለወደፊት ጥናት ይቀመጣል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ኮሚቴው ይመልሰዋል፤ ቢመልሰውም እውነት አለው። የት ክፍል፣ በምን ሙቀት፣ ለስንት ዓመት፣ ቁልፉ በማን እጅ፣ ማን ያዝበታል፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ማን ይረከበዋል የሚሉት ስድስቱ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ግልጽ መልስ ይፈልጋሉ። የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይዘለዋል።

ቃላቱን መምረጥ

በስምምነት ቅጹ ላይ «ምርምር» በማለት ፋንታ «ጥናት» ይበሉ። ከዚያ ልዩነቱን ያስከትሉ፦ «ይህ ደም የእርስዎን በሽታ ለማወቅ አይደለም፤ ውጤቱም ለእርስዎ ሕክምና አይውልም።» ለሕክምና የሚወሰድ ሌላ ቱቦ ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ «ይኼኛው ለሕክምናዎ፣ ይኼኛው ለጥናቱ» ብሎ ማሳየት አንድ ገጽ ከማንበብ ይሻላል። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። ታማሚው አልጋው ዙሪያ ተማሪና ሐኪም ሲከብበው ለምዷል፤ ነጭ ጋዎን የለበሰ ሁሉ አካሚው ይመስለዋል። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው የሚያክመው ሐኪም መሆን የለበትም።

«ባዮባንክ» የሚለው ቃል በባለሙያዎች መካከል ይቅር። ታማሚ «ባንክ» ሲሰማ ወይ ገንዘብ ያስባል ወይ የደም ባንክ። የመጀመሪያው «ደማችን ይሸጣል» የሚለውን የቆየ ሥጋት ይቀሰቅሳል፤ ሁለተኛው ደሙ ለወላድ ወይም በመኪና ለተገጨ ሰው የሚሰጥ ያስመስላል። «በቅዝቃዜ የሚቀመጥ ናሙና» ማለት ይበቃል። «ዘረመል»ም ለብዙ ሰው ባዶ ድምፅ ነው፤ «ከእናት ከአባት የሚወረስ፣ ከእህት ከወንድምዎም ጋር የሚጋሩት በደምዎ ውስጥ ያለ ምልክት» ቢባል ነገሩ የቤተሰብም መሆኑ አብሮ ይገባል።

ለአንዲት ጠና ላሉ እናት ንግግሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እናቴ፣ ሐኪሙ የፈለገውን ደም አስቀድመን ወስደናል። አሁን የምጠይቅዎ ሌላ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ደም ለጥናት ቢሰጡን እናስቀምጠዋለን፤ እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ቱቦው ላይ ስምዎ አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው። እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ እንደያዘው ይቀጥላል፤ የሚቀየምዎት የለም። ዛሬ እሺ ብለው ነገ ቢተዉትም መብትዎ ነው፤ በዚህ ስልክ ያስደውሉ።»

ከዚያ በኋላ «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ ለባለ ጋዎን «አልገባኝም» የሚል ጥቂት ነው። ይልቅ አራት ነገር አስመልሱ፦ ደሙ ለምንድን ነው የሚቀመጠው? ስንት ጊዜ ይቆያል? እምቢ ቢሉ ምን ይሆናል? ሐሳብዎን ቢቀይሩ ለማን ይነግራሉ? ከአራቱ ሁለቱን ከሳቱ እንደገና ይጀመራል። ሁለተኛም ካልተመለሱ ናሙናው አይወሰድም። «እናንተ ካላችሁ ይሁን» የሚል መልስም እንደ ፈቃድ አይቆጠርም፤ ይህ አክብሮት ነው፣ ምናልባትም ፍርሃት። እንዲህ ሲሉ መረጃ ሰብሳቢው ወረቀቱን አስቀምጦ ከጥያቄው ይነሳ።

ፊርማ የማይችል ሰው በአውራ ጣት ያትማል። እማኙ ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ፣ ማንበብ የሚችል፣ ገለጻውን ከመጀመሪያው የሰማ ሰው ነው። በር ላይ የሚያልፍ ጥበቃ ጠርቶ ማስፈረም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ያልሰማው ነገር ላይ ነው የመሰከረው። የቅጹ ቅጂ ለተሳታፊው ይሰጣል፤ ጥናቱ ከኤችአይቪ ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን ወረቀቱ ራሱ ቤት ውስጥ ምስጢር ያወጣል። በምትኩ የስልክ ቁጥርና የጥናት ቁጥር ብቻ ያለበት ትንሽ ካርድ ይስጡ። በሌላ ጥናት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሩ መልእክተኛ ናት፤ በዚህኛው ግን አይሞከርም፣ መንደሩ ይሰማል።

ለልጆች የወላጅ ፈቃድና የልጁ ራሱ እሺታ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ልጁ 18 ሲሞላው ናሙናው አሁንም ካለ እንደገና ራሱ ይጠየቃል። ለዚህ መዝገቡ ላይ «18 የሚሞላበት ቀን» የሚል ዓምድ ካልተከፈተ ማንም አያስታውሰውም።

ለናሙናው ዋጋ አይከፈልም። ኮሚቴው ያጸደቀው የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ግን ይከፈላል፤ የሚከፈለውም ደሙ ከመወሰዱ በፊት፣ እምቢ ላለውም ጭምር ነው። ገንዘቡ ከመርፌው በኋላ ከመጣ የደም ዋጋ ይመስላል።

አንድ «እሺ» አይበቃም

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አሪዞና የሃቫሱፓይ ሕዝብ ለስኳር በሽታ ጥናት ብሎ ደም ሰጠ። ደሙ በኋላ ለአእምሮ ሕመም፣ ለሥጋ ዘመዶች ጋብቻና ለሕዝቡ የዘር አመጣጥ ጥናትም ዋለ፤ የመጨረሻው ሕዝቡ ስለ ራሱ ከሚያምነው ጋር ይጋጭ ነበር። ክርክሩ በ2010 እ.ኤ.አ. በ700,000 ዶላርና ደሙን በመመለስ ተቋጨ። ጥናቱን ያካሄደው የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፈቃድ አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ፈቃዱ ግን ለየቱ ጥያቄ እንደሆነ አልተለየም ነበር።

ስለዚህ ቅጹ ላይ እያንዳንዱ ጥያቄ ለየብቻው «አዎ» ወይም «አይ» ይመለስበት፤ መዝገቡም በፊደል ይያዘው።

ሀ፦ ለዚህ ጥናት ብቻ።
ለ፦ ለዚሁ በሽታ ሌላ ጥናት።
ሐ፦ ለማንኛውም የጤና ጥናት።
መ፦ የዘረመል ምርመራ።
ሠ፦ ከአገር ውጭ መላክ።

«ሀ፣ ለ» ያለ ሰው ቱቦ ለዘረመል ጥናት አይወጣም፤ የሚያዝዘው ማንም ይሁን። ፊደሉ መዝገብ ላይ ብቻ ቀርቶ ሳጥኑ ላይ ካልታየ ግን አይሠራም፤ የሚያወጣው ሰው ብርድ ላይ ቆሞ መዝገብ አያገላብጥም። «መ» እና «ሠ» የፈቀዱትንና ያልፈቀዱትን በተለያየ ቀለም ሳጥን መለየት ቀላሉ መንገድ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። «አዲስ ጥናት ሲመጣ ተመልሰን እንጠይቅዎታለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሌላ አገር ቅጽ ተገልብጦ ይመጣል። ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ) የያዘው ልጅ ከሁለት ወር በኋላ የት እንደሚሆን እሱም አያውቅም፤ ሲም ካርዱም ይቀየራል። ልታሟሉት የማትችሉትን ቃል አትግቡ። ሊገኝ ካልቻለ ምን ይደረግ የሚለውን ያኔውኑ ይጠይቁት፦ ኮሚቴ ይወስንለት ወይስ ይወገድ?

ምን ያህል፣ ከየት

የካላዛር ታማሚ ብዙ ጊዜ ደም ማነስ አለበት፤ የሚወሰደው ደም ከሚዛን ጋር ይያያዝ። ብዙ ኮሚቴዎች የሚቀበሉት ጣሪያ በ8 ሳምንት ውስጥ በኪሎ 3 ሚሊ ሊትር ወይም 50 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። 12 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ሒሳቡ 36 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ደም ላነሰው ልጅ ይህም ብዙ ነው፣ 5 ይበቃል። ለሕክምና የተወሰደውም አብሮ ይደመራል፤ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

ከጣፊያ ናሙና መውሰድ የደም መፍሰስ አደጋ አለው፤ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) በማይክሮ ሊትር ከ40,000 በታች ለሆነ ሰው አይደረግም። ለማከማቻ ተብሎ ብቻ መርፌ ሁለተኛ ጊዜ ማስገባት በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ለምርመራ ከተወሰደው ስላይድና ካልቸር (ተውሳኩን በላብራቶሪ ማሳደግ) ተሠርቶ የተረፈ ካለ እሱ ብቻ ይቀመጣል።

ለባዮፕሲና ለቀዶ ሕክምና ቁራጭም ቅድሚያው የታማሚው ነው። ቁራጩን የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ «ለምርመራ ይበቃኛል» ሳይል ማንም አይነካውም፤ የመጨረሻው ፓራፊን ብሎክ (በሰም ውስጥ የተቀመጠ ቁራጭ) ለጥናት አይሰጥም፤ ካንሰሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢመለስ ሐኪሙ የሚፈልገው እሱን ነው። ቁራጩ ከሰውነት በወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ በሆነ፣ አሲድነቱ በበፈር በተስተካከለ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ ፈሳሹ የቁራጩን 10 እጥፍ ይሁን፤ ከ6 ሰዓት ባላነሰ ከ72 ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይውጣ። የሚበላሸው በአብዛኛው ትልቅ ዕጢ ሳይሰነጠቅ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ሲጨመቅ ነው፤ ዳሩ ይደርቃል፣ መሐሉ ይበሰብሳል። የተበላሸ ናሙና የሥነ ምግባር ጉዳይም ነው፤ ሰው ቆዳውን የሰጠው ለቆሻሻ አይደለም።

እንግዴ ልጅን ብዙ ቤተሰብ ወስዶ መቅበር ይፈልጋል፤ የተቆረጠ እግርም እንዲሁ። ስለዚህ ጥያቄው ምጥ ከመምጣቱ በፊት በእርግዝና ክትትል ጊዜ ይቅረብ፤ ለጥናት የሚፈለገውም ትንሽ ቁራጭ ከሆነ ቀሪው እንደሚመለስ ይነገር። አዋላጇ ወደ እንግዴ ልጅ ጉድጓድ ከጣለችው በኋላ ይቅርታ መጠየቅ አይመልሰውም።

መለያው፦ ዘመን፣ ሰዓት፣ ሙጫ

05/03/2016 የሚል ቱቦ ተገኘ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 5 ቀን 2016 ነው፤ በፈረንጅ ከተነበበ መጋቢት 2016 ወይም ግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. ይሆናል። ልዩነቱ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። 10 ዓመት ብቻ የተፈቀደ ናሙና ጊዜው ሳይደርስ ይጣላል፤ ወይም የተቀጠረበት ቀን አልፎ ዓመታት ይቆያል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ቀዶ ሕክምና ክፍል «3:40 ተቆረጠ» ብሎ ይጽፋል፣ ላብራቶሪው «10:05 ፎርማሊን ገባ» ይላል። በወረቀት 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፤ በእውነት 25 ደቂቃ ብቻ። ደህና ናሙና እንደ ተበላሸ ይቆጠራል፣ ወይም የተበላሸው ያልፋል። መፍትሔው አንድ ዘመን አቆጣጠርና አንድ የ24 ሰዓት አቆጣጠር መወሰን፣ ወሩን በፊደል መጻፍ፣ ቅጹ ላይ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ታትሞ እንዲመጣ ማድረግ፣ የሁለቱንም ክፍል የግድግዳ ሰዓት በየሳምንቱ ማመሳከር ነው።

ቁጥሩ ራሱ የሰውየውን የካርድ ቁጥር፣ የስም ፊደል ወይም ቀበሌ አይያዝ። «ጎካ-0147-2» ማለት ጥናት፣ ተራ ቁጥርና ቅጂ ብቻ ነው። ተራ ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በሌላ ክፍል፣ በይለፍ ቃል፣ በሁለት ሰው እጅ ብቻ ይቀመጣል፤ በፍላሽ አይዞርም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ይመድበዋል። ለተመራማሪ መረጃ ሲሰጥም «ሴት፣ 34 ዓመት፣ ከእንዲህ ያለ ቀበሌ» ከተባለ በትንሽ ቀበሌ ውስጥ ስም ከመጥራት አይለይም፤ ዕድሜው በክልል (30–39)፣ ቦታው በወረዳ ይሁን።

ተራ ስቲከር በከባድ ቅዝቃዜ ይላቀቃል፤ እስክሪብቶ በአልኮል ይጠፋል። ለቅዝቃዜ የተሠራ መለያ ደረቅ ቱቦ ላይ፣ ከመቀዝቀዙ በፊት ይለጠፍ። ሺህ ከመግዛትዎ በፊት አንዱን ለጥፈው አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉት።

ፍሪዘሩ

ብዙ የላብራቶሪ ዕቃ እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ተብሎ ነው የሚሠራው፤ ጎንደር ከዚያ በላይ ናት። ከዜሮ በታች 80 የሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ሲገዙ ሻጩን ስለ ከፍታው በጽሑፍ ያስመልሱ፤ ቀጭን አየር ሙቀት ማስወጣት ያዳክማል፣ ማሽኑ ሳያርፍ ይሠራል።

መብራት ይሄዳል፤ ሥራው በዚያ ላይ ይታቀድ። ናሙና ከመግባቱ በፊት ፍሪዘሩን አጥፍተው ከዜሮ በታች 60 እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ይለኩ፤ ያ ቁጥር በሩ ላይ ይለጠፍ። ባዶ ቦታውን በቀዘቀዘ ውኃ ጠርሙስ ይሙሉ፣ ጊዜው ይረዝማል። ማስጠንቀቂያው ከዜሮ በታች 70 ላይ ይጩህ፤ ለሁለት ስልክ ይደውል፣ አንዱ ሌሊት የሚነሣ ሰው ይሁን። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ኮምፕሬሰር ያቃጥላል፤ ስታቢላይዘርና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የሚያዘገይ መሣሪያ ይገጠም። የጀነሬተሩ ነዳጅ በበዓል ቀናት ያልቃል፤ ከጥምቀት ዋዜማ በፊት ይሞላ።

የአንድ ሰው ናሙና በ0.5 ሚሊ ሊትር እየተከፈለ ሁለት የተለያየ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ። አንድ ቱቦ በሟሟና በቀዘቀዘ ቁጥር ይበላሻል፤ መዝገቡ የወጣበትን ብዛት ይያዝ። ኤሌክትሪክ ለማይታመንበት ጤና ጣቢያ በወረቀት ላይ የደረቀ ደም ጥሩ አማራጭ ነው፤ በጥላ ሥር ሌሊቱን አድርቆ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር በዚፕ ላስቲክ ይታሸጋል። አንድ ጠብታ ብቻ መሆኑ ግን አያታልል፤ ሙሉው ዲኤንኤ እዚያ አለ፣ ፈቃዱም እኩል ይጠየቃል።

ከአገር ሲወጣ

የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት፣ የሁለቱ ኮሚቴዎች ደብዳቤና «ሠ» የፈቀዱት ሰዎች ዝርዝር ከሌሉ ሳጥኑ አይታሸግም። ስምምነቱ የትኛው ምርመራ እንደሚሠራ በስም፣ የቱቦውን ብዛት በቁጥር፣ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ፣ የተረፈው እንዲመለስ ወይም በማስረጃ እንዲወገድ፣ መረጃው ወደ ጎንደር እንዲመለስ ይጻፍበት። «ለተዛማጅ ጥናቶች» የሚል ሐረግ ሲመጣ ይሰርዙት፤ ስንት በር እንደሚከፍት ከሃቫሱፓይ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ቱቦ ሁልጊዜ እዚህ ይቀር።

ማሸጊያው ሦስት ንብርብር ነው፦ የማያፈስ ቱቦ፣ ፈሳሽ የሚመጥ ነገር የያዘ የማያፈስ ሁለተኛ ዕቃ፣ ጠንካራ የውጭ ሳጥን፤ «ዩኤን 3373» የሚል የሕክምና ናሙና መላኪያ ምልክት ይለጠፍበታል። ደረቅ በረዶ (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ካለ ሳጥኑ ጥብቅ አድርጎ አይዘጋ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ይፈነዳል።

ሐሳብ ሲቀየር፣ ጥናቱም ሲያልቅ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው በአካሉ ላይ የሰጠውን ቃል በማንኛውም ጊዜ እንዲያነሣ ይፈቅድለታል። ስልክ ሲመጣ ምክንያት አይጠየቅም። በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ሁሉም ቅጂዎች ከሁለቱም ፍሪዘሮች ይውጡ፣ የተላኩት እንዲወገዱ ይጻፍ፣ የስም ዝርዝሩ ላይ ያለው መስመር ይሰረዝ። የታተመ ውጤት አይመለስም፤ ይህ ገና ፈቃድ ሲጠየቅ መነገር ነበረበት። የሚወገደው ከሌላ ቆሻሻ ጋር አይደባለቅም፤ በሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያ ከ850 ዲግሪ በላይ ይቃጠላል፣ ሁለት ሰው ይፈርማል።

ጥናቱ ሲዘጋ ዋናው ተመራማሪ ለትምህርት ወይም ለሌላ ሥራ ይሄዳል፤ ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ፣ የይለፍ ቃሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀራል። ከመሄዱ 3 ወር በፊት ርክክብ ይደረግ፦ ቱቦዎቹ ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ ይቆጠሩ፣ የፈቃድ ፊደላቸው ይመሳከር፣ ፊደል የሌለው ቱቦ ለኮሚቴው ይቅረብ። ተረካቢው ቆጥሮ ሳይፈርም የመልቀቂያ ወረቀቱ ላይ ማኅተም አይረፍ።